ስለ እንቅስቃሴ ሕግጋትና ስለ መንፈሳዊ ጉዟችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሁላችንም በከተማ አውቶቡስ ቆመን ሄደን እናውቃለን። አውቶቡሱ በደኅና ሲጓዝ ሳለ ሹፌሩ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት እንወድቅና ከፊታችን የቆሙትን አንድ አባት እንገፋቸዋለን። እርሳቸውም ዞር ብለው «ምነው ልጄ፥ ቀስ በል እንጂ!» ይሉናል፤ እኛም ይቅርታ እንጠይቃለን። ነገሩን አስተውለን ስንመለከተው ግን እኛ እርሳቸውን ልንገፋ አላሰብንም፤ እኛንም ከኋላችን የገፋን ሰው የለም። ታዲያ ወደ ፊት የወሰደን ማን ነው? ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ልጅ ትክክለኛውን መልስ አጥርቶ እስኪያገኝ ድረስ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ፈጅቶበታል።

የዛሬው ጽሑፋችን የፊዚክስ ትምህርት መስሎ ቢታያችሁ አትደነቁ። የሚደርሰው ወደ መንፈሳዊ ጉዟችን ነው፤ ሆኖም መንገዱ በዚህ አውቶቡስ በኩል ያልፋል።

ጥንታዊው የግሪክ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ዘወትር የሚያንቀሳቅሰው ያስፈልገዋል፤ አንቀሳቃሹ ሲተወው ይቆማል ብሎ አስተምሮ ነበር። ፈረሱ ሲቆም ጋሪው ይቆማልና ትምህርቱ ለዓይን እውነት ይመስላል። ነገር ግን ከእጃችን የወጣ ድንጋይ ማንም ሳይነካው ለምን ይሄዳል? አርስጣጣሊስ አየሩ እየገፋው ነው አለ። በስድስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ይኖር የነበረ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የተባለ ክርስቲያን ሊቅ ይህን አልተቀበለም። አየር ድንጋዩን ያደክመዋል እንጂ አይገፋውም፤ እጃችን ለድንጋዩ የሚያካፍለው አንድ ነገር አለ፤ ድንጋዩ የሚሄደው በዚያ ነው ሲል ጻፈ። እንዲሁም ከባድና ቀላል ነገር ከአንድ ከፍታ አብረው ቢለቀቁ መሬት የሚደርሱበት ጊዜ ልዩነቱ እጅግ ጥቂት እንደ ሆነ ተናገረ። ይህን ያለው ከጋሊሌዎ አንድ ሺህ ዓመት በፊት ነው። የእስክንድርያ ስም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም።

በመጨረሻም እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን በ1687 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ የእንቅስቃሴን ሦስት ሕግጋት አጠናቅሮ አወጣ። የመጀመሪያው ሕግ እንዲህ ይላል፤ አንድ ነገር ከውጭ ኃይል ካልነካው በቀር የቆመው እንደ ቆመ፥ የሚሄደውም በቀጥታ መስመር በዚያው ፍጥነት እንደ ሄደ ይኖራል። ኃይል ማለት መግፋት ወይም መሳብ ማለት ነው። እንግዲህ በአውቶቡሱ ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ፍሬኑ የያዘው አውቶቡሱን እንጂ እኛን አይደለም። እግራችን ከወለሉ ጋር አብሮ ቆመ፤ ደረታችንና ራሳችን ግን ሲሄዱበት በነበረው ፍጥነት ጉዟቸውን ቀጠሉ። ወደ ፊት የወሰደን ማንም አይደለም፤ አስቀድሞም እየሄድን ነበር።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ፊሎፖኖስ በኋላ ዘመኑ በምሥጢረ ሥላሴ ትምህርት ስቶ ሦስት አማልክትን ወደ ማለት በማዘንበሉ ተወግዟል። ኒውተንም በበኩሉ መጽሐፍ ቅዱስን እጅግ የሚመረምር ሰው ሆኖ ሳለ የሥላሴን ትምህርት በልቡ አልተቀበለም ነበር። የድንጋይን አወራወር እንዲህ አድርገው ያወቁ ሁለት ሰዎች በአንድ ምሥጢር ላይ፥ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፥ መሰናከላቸው ያስገርማል። ስለዚህ ፊዚክስን ማወቅ ሃይማኖትን ማወቅ እንዳልሆነ በዩኒቨርሲቲ ለምንማረው ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። ነገር ግን ይህ ነገር ተገልብጦም እውነት መሆኑን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን፤ ሃይማኖትን ማወቅም ፍሬን ሲያዝ ከመውደቅ አያድንም።

ሁለተኛው ሕግ ስለ ፍጥነት ለውጥ ይናገራል። በአንድ ነገር ላይ ያረፈው ኃይል በበረታ መጠን ፍጥነቱ ቶሎ ይለወጣል፤ ነገሩ በከበደ መጠን ግን ለውጡ ይዘገያል። ባዶ ጋሪ በአንድ እጅ ይገፋል፤ አምስት ኩንታል ጤፍ የተጫነበትን ለማንቀሳቀስም ለማቆምም ብዙ ሰው ያስፈልጋል። ሦስተኛው ሕግ ደግሞ የሚገፋ ሁሉ በዚያው ልክ መልሶ ይገፋል ይላል። ለዚህ ከቤተ ክርስቲያናችን የተሻለ ምሳሌ ያለ አይመስለንም። ሌሊቱን በማሕሌት ቆመው የሚያድሩ መሪጌታ መቋሚያቸውን ወደ መሬት ሲጫኑት፥ መሬቱም በመቋሚያው በኩል ክንዳቸውን ወደ ላይ ይደግፋል። ጎልማሳው ዲያቆን ከበሮውን ሲመታ ከበሮውም መዳፉን ይመታዋል፤ በማግሥቱ እጁን ቢያሳየን መቅላቱን እናያለን።

ወጣቶች ስለ ሆንን የቡሄን ጅራፍ ብናነሣ ደስ ይለናል። በደብረ ታቦር በዓል ሰሞን ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ያ ድምፅ ከየት ይመጣል? ጅራፉ እርስ በርሱ ተጋጭቶ አይደለም። ከእጅ የተነሣው እንቅስቃሴ ከወፍራሙ ወገን ወደ ቀጭኑ ሲሻገር የሚንቀሳቀሰው ክፍል እየቀለለ ይሄዳልና ፍጥነቱ እጅግ ይጨምራል። በመጨረሻም የጅራፉ ጫፍ በሴኮንድ ወደ 340 ሜትር ከሚጓዘው ከድምፅ ይቀድማል። የምንሰማው ጩኸት አየሩ በዚያ ፍጥነት ሲመታ የሚያሰማው ነው። እረኛው ልጅ ይህን ሳያውቅ ከአባቱ የተማረው ሥራ እንዲህ ያለ ነው።

ስለ ዳዊት ወንጭፍም አንድ ቃል እንጨምር፤ በኋላ ያስፈልገናልና። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 እንደ ተጻፈው ዳዊት ጎልያድን የመታው ከወንዝ በለቀመው ድንጋይ ነው። ወንጭፍ ሲሽከረከር ድንጋዩን በክብ የሚያስኬደው ገመዱ ወደ ውስጥ ስለሚስበው ነው። ገመዱ የተለቀቀ ጊዜ ድንጋዩ መዞሩን አይቀጥልም፤ በዚያች ቅጽበት ወደ ዞረበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የወንጭፍ ጥበብ ሁሉ የሚለቀቅበትን ቅጽበት ማወቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ።

ባለፈው ዓመት ለንግሥ በዓል ወደ አንድ ገዳም ስንሄድ ገንዘባችን ስላነሰ የተከራየነው የጭነት መኪና እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከኋላው ተጨናንቀን ቆመን፥ ከበሮ እየመታን፥ እየዘመርን ነበር የምንሄደው። ደስታችን ትልቅ ነበር፤ ይህን አንክድም። በአንድ ኩርባ ላይ በሬዎች ወደ መንገዱ ገቡና ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ መሪውንም ጠመዘዘ። ሹፌሩ ጥፋት አላደረገም፤ በሬዎቹንም አልነካም። ነገር ግን እኛ በመኪናው ላይ እንጂ ከመኪናው ጋር አልነበርንም። መኪናው ሲዞር እኛ እንደ ዳዊት ድንጋይ ቀጥ ብለን ሄድን። ከበሮው ከያዘው ወንድማችን እጅ ወጥቶ ጋቢናውን መታ። አንዲት እኅታችን በስፖንዳው ብረት ላይ ወድቃ በላይዋ አራት ሰው ተደራረበባት፤ ክንዷም ተሰበረ።

ከዚያ በኋላ በመካከላችን ሁለት ነገር ተነገረ። አንደኛው «እግዚአብሔር ባይጠብቀን ኖሮ ሁላችንም አልቀን ነበር» የሚል ነው፤ ይህን እኛም አሜን ብለን እንቀበላለን። ሁለተኛው «ፈተና ነው፤ በረከት ባለበት ፈተና አይጠፋም» የሚል ነበር። ይህም እውነትነት ያለው ቃል ነው። ነገር ግን የፈተናውን ገመድ የፈተልነው እኛ ራሳችን ሆነን ሳለ በሌላ ማሳበባችን ልባችንን አላሳረፈውም። ስለዚህ ጥቂቶቻችን ተቀምጠን ነገሩን በወረቀት ላይ ማስላት ጀመርን።

ከፍ ካለ ስፍራ የተለቀቀ ነገር በየሴኮንዱ ፍጥነቱ ወደ 10 ሜትር በሴኮንድ ያህል ይጨምራል። በዚህ ስሌት ወደ 6 ሜትር ከሚሆን ከፍታ፥ ማለትም ከፎቅ ቤት ጣሪያ የወደቀ ሰው መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እንዲደርስ ደግሞ ከ14 ሜትር ያህል መውደቅ አለበት። እንግዲህ በ60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከአንድ ነገር ጋር ቢጋጭ፥ ምንም ሳይዝ የቆመ ሰው ከ14 ሜትር ገደል እንደ ተወረወረ ያህል ነው። ልዩነቱ ገደሉ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ፊት መሆኑ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ለዓይናችን አይታይም፤ የማይታይ ገደል ደግሞ አያስፈራም።

ሌላም አገኘን። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚያስፈልገው መንገድ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው። ጎማውና ፍሬኑ ደኅና የሆነ አነስተኛ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ወደ 9 ሜትር ተጉዞ ይቆማል፤ በ80 ሲሄድ ግን 36 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። መኪናን የሚያቆመው በመጨረሻ ፍሬኑ ሳይሆን በጎማውና በመንገዱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው፤ ዝናብና ጭቃ ይህን ሰበቃ ይቀንሱታል። በክረምት ወራት ወደ ገዳማት የሚወስዱት መንገዶች ምን እንደሚመስሉ እናንተም ታውቃላችሁ።

ከሁሉ ያስደነገጠን ግን ይህ ነው። አንዲት እናት 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ታቅፋ በ40 ኪሎ ሜትር ስትጓዝ መኪናው ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፥ ሕፃኑን ለመያዝ የሚያስፈልጋት ኃይል ከአንድ ኩንታል በላይ የሆነ ሸክም እንደሚያነሣ ሰው ኃይል ነው። የእናት ፍቅር ብርቱ ነው፤ ክንዷ ግን ይህን አይችልም። ይህን ስንጽፍ በዚያ መኪና ላይ ከነልጆቻቸው የነበሩት ሁለት እናቶች በዓይናችን ላይ ነበሩ።

አሁን ወደ ደብረ ዳሞ እንሂድ። በትግራይ ያለው ይህ ገዳም ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአቡነ አረጋዊ በስድስተኛው መቶ ዓመት የተመሠረተ ነው። ወደ ተራራው ጫፍ የሚወጣው ወደ 15 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ገደል በጠፍር ገመድ ተወጥቶ ነው። ይህ ከፍታ ቅድም በ60 ኪሎ ሜትር ካሰላነው ገደል ጋር አንድ ነው ለማለት ይቻላል። የሚወጣው ሰው አንዱን ገመድ በእጁ ይይዛል፤ ሌላው ገመድ በወገቡ ይታሰርለትና ከላይ ያሉት መነኮሳት ይስቡታል። እግሩን ወደ ገደሉ ሲጫን ገደሉም እግሩን መልሶ ይገፋዋል፤ መዳፉ ገመዱን አጥብቆ ሲይዝ ሰበቃው እንዳይንሸራተት ያደርገዋል፤ ወደ ታች የሚስበውን ክብደቱን ገመዱና ድንጋዩ ተካፍለው ይሸከሙለታል። ኒውተን ከመወለዱ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት አባቶቻችን ሦስቱንም ሕግጋት በእጃቸውና በእግራቸው ያውቋቸው ነበር።

በገድላቸው እንደሚነገረው አቡነ አረጋዊን ወደ ተራራው ያወጣቸው በእግዚአብሔር ፈቃድ ዘንዶ ነው። ይህን ታሪክ ከደብረ ዳሞ መነኮሳት የበለጠ የሚያውቀውና የሚያምነው የለም። ሆኖም አንድም መነኩሴ ገመዱን ትቶ በገደሉ ጫፍ ላይ ዘንዶውን ሲጠብቅ አይታይም። ታሪኩን አብልጠው የሚያምኑት፥ ገመዱን አጥብቀው የሚይዙትም እነርሱ ናቸው። ተአምሩን የሰጠ እግዚአብሔር ጠፍሩንም ሰጥቷልና።

ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ዲያብሎስ በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ባቆመው ጊዜ የሆነውን እናስተውል። ፈታኙ ያቀረበው ነገር እንደ ሌላው ኃጢአት አልነበረም፤ ራስህን ወደ ታች ጣል፥ መላእክት ይጠብቁሃል የሚል ነበር፤ ለዚያውም ከመዝሙር ጠቅሶ። ጌታችን በባሕር ላይ የሄደ፥ ነፋሱንም የገሠጸ ነው፤ አንድ ገደል አይከብደውም ነበር። ነገር ግን አምላክን መፈታተን አይገባም ብሎ መለሰለት፤ አልዘለለም። ተራሮችንና ኮረብቶችን በሚዛን የመዘነ፥ የመሬትን ስበት የሠራ እርሱ ራሱ ሆኖ ሳለ ሕጉን አከበረው። በጭነት መኪና ላይ ተደራርበን ቆመን «መላእክት ይጠብቁናል» ስንል የማንን ቃል እየደገምን እንደ ሆነ ብንጠይቅ አይከፋም።

ከመካከላችን አንድ ወንድም ይህን ሲሰማ «ሠለስቱ ደቂቅስ ወደ እሳት አልገቡም? ሰማዕታትስ?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው መልካም ነው፤ ሳንመልስለት ማለፍም አይገባንም። ሠለስቱ ደቂቅ ለጣዖት አንሰግድም ስላሉ ታስረው ወደ እሳቱ ተጣሉ፤ መልአኩም አዳናቸው። እሳቱ ያቃጥል እንደ ሆነ ለማየት ወይም የማገዶ ዋጋ ለመቆጠብ ብለው አልገቡበትም። በሃይማኖት ምክንያት ሌላ መንገድ ሲዘጋ መጽናት ሰማዕትነት ነው። እኛ ግን ሌላ መንገድ ነበረን፤ ጥቂት ገንዘብ ቆጥበን ነው የተውነው።

ደግሞም እግዚአብሔር በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ አዝዟል፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ማለት ነው። ይህን ክፍል ስናነብ በጣም ተገረምን። ስለ መሥዋዕትና ስለ በዓላት ያዘዘው አምላክ ስለ ሰገነት መከታም አዝዟል፤ የወደቀውንም ሰው ደም ከባለቤቱ ይፈልጋል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ደግሞ እኛን ወጣቶችን በቀጥታ ይነካናል። አውጤኪስ የተባለ ጎልማሳ ቅዱስ ጳውሎስ ሲያስተምር በመስኮት ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ ወሰደውና ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ። በጉባኤ መካከል፥ ሐዋርያው እያስተማረ፥ በሌሊት! የስብከቱ ቅድስና ከመውደቅ አላስቀረውም። ሐዋርያው ወርዶ አቀፈው፥ በሕይወትም ወሰዱት። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ወጣቶች ሁሉ በመስኮት ላይ ይቀመጡ የሚል ሥርዓት አልተሠራም።

የመኪና ወንበር ቀበቶም ሌላ ነገር አይደለም፤ በወገብ ላይ የታሰረ የደብረ ዳሞ ጠፍር ነው። መኪናው ሲቆም እኛም ከመኪናው ጋር እንድንቆም ያደርገናል፤ ኃይሉንም በደረትና በወገብ አጥንት ላይ ያካፍለዋል። አንዳንዶቻችን ቀበቶ ማሰርን እንደ ፍርሃት ወይም እንደ እምነት ጉድለት ስናይ ኖረናል። በታክሲ ፊት ለፊት ተቀምጠን ቀበቶውን ሳናስር በትከሻችን ላይ ብቻ ጣል የምናደርገውም አለን፤ እርሱ ትራፊክ ፖሊስን እንጂ የኒውተንን ሕግ አያታልልም።

ይህን ሁሉ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ሥራ አመራር ጉባኤ አቅርበን ነበር። የአውቶቡስ ኪራይ ከጭነት መኪናው ከእጥፍ በላይ ስለሚሆን ክርክሩ ረጅም ነበር። አንዳንዶች የሰው ቁጥር ይቀነስ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ድሀውን ከበረከት መከልከል ነው ብለው ተቃወሙ። በዚህ ነጥብ ላይ እኛም ራሳችን አንድ ልብ አልነበርንም፤ ተቃዋሚዎቹ ያነሡት ሐሳብ ቀላል አይደለምና። በመጨረሻ የተወሰነው እንዲህ ነው። የዘንድሮው ጉዞ በሁለት ጊዜ ይሆናል፤ ገሚሳችን ለንግሡ፥ ገሚሳችን በሚቀጥለው ወር በወርኃዊ በዓሉ እንሄዳለን። የሚያዘው መኪና እንደ ወንበሩ ቁጥር ብቻ ይጭናል፤ ቆሞ የሚሄድ አይኖርም። ሕፃናት የራሳቸው ወንበር ይያዝላቸዋል። ከበሮው በጉዞው ጊዜ ታስሮ ይቀመጣል፤ መዝሙሩን በጭብጨባ እንዘምራለን። ሥራ ያላቸው አባላት የአንድ የማይችል ወንድም ወይም እኅት ሒሳብ ጨምረው እንዲከፍሉ ተለምነዋል፤ እስከ ዛሬ ዘጠኝ ሰዎች ይህን አድርገዋል፤ ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም።

ምዝገባው ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ በር ላይ ይካሄዳል። ክንዷ የተሰበረው እኅታችንም ድናለች፤ ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዷ ናት። የትኛው ወንበር ይያዝልሽ ብለን ብንጠይቃት «ቀበቶ ያለው» አለችን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።